ፕሌኮ የገንዳ ጠራጊ አይደለም

የአኳሪየም መስታወት አረንጓዴ አልጌ ሲለብስ ምክሩ ሁሌም አንድ ነው፦ «ፕሌኮ የሚባለውን ዓሣ ግዛ፤ ሙልጭ አድርጎ ይልሰዋል።» እኔም ሰምቼ አውራ ጣቴን የሚያህል ገዛሁ። ሻጩ ያልነገረኝ፣ ተራው ፕሌኮ ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር እንደሚያልፍ ነው። የእኔ ገንዳ ርዝመቷ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚሉም አሉ፤ ሐሰት ነው። በጠባብ ገንዳ ትንሽ ሆኖ የቀረ ዓሣ፣ ጥበቱና የተበላሸው ውሃ ያቀጨጩት ነው።

ብዙ ዓሣ የሚፈጀው ግን «አልጌው ይበቃዋል፣ ምግብ አያሻውም» የሚለው እምነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱ ጠርቶ ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሌኮው መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ሆዱን አየሁት፤ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። መስታወቱ የጠራው የሚበላው አልቆ ነው። ያን ማታ ዝኩኒ ቆርጬ፣ በፈላ ውሃ ለስለስ አድርጌ፣ ሹካ ላይ ሰክቼ አወረድኩለት። ጠዋት የተረፈው ልጣጩ ነበር። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነው ሌላዋ አልጌ በሊታ ዓሣ፣ ኦቶሲንክለስማ፣ ከዚህም ትብሳለች፤ አልጌ ባልያዘ አዲስ ገንዳ ከገባች በረሃብ ታልቃለች። ብቻዋንም አትወድም፣ ስድስት ያህል ሆና ነው የምትኖረው።

«የሌሎቹን ኩስ ይበላል» የሚባለውም ልክ አይደለም። እንዲያውም ፕሌኮ ራሱ ብዙ ይጸዳዳል። ከኩሱ የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ደግሞ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። አልጌ ያጠፋልኛል ብለን ያስገባነው ዓሣ አልጌውን ሲቀልብ ይገኛል ማለት ነው።

ስሙም ያሳስታል። «የቻይና አልጌ በሊታ» ተብሎ የሚሸጠው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች፣ በሜኮንግ ጭምር የሚኖር ዓሣ ነው። ሲያድግ ባሕርይው ይከፋል፤ ዝግ ያሉ ዓሦች ጎን ላይ ተጣብቆ ገላቸውን የሸፈነውን ልጋግ ይፍቃል። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይረዳም፤ እነሱ የሚፍቁት የተለጠፈውን እንጂ የሚንሳፈፈውን አይደለም።

አልጌን የሚያመጣው ብርሃንና የተረፈ ምግብ ነው። መብራቱን በቀን ለ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ያብሩ፣ ገንዳውን ከመስኮት ያርቁ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ምግብ ብቻ ይስጡ፣ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን ማስወገድ አይዘንጉ። መስታወቱን ሳሙና ባልነካው ስፖንጅ ማሸት የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

ፕሌኮ ገዝተው ገንዳው ከጠበበው፣ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን እባክዎ አይልቀቁት። በፍሎሪዳና በሜክሲኮ የተለቀቁት ተራብተው፣ እንቁላል ለመጣል ዳርቻውን እየቦረቦሩ አፈሩን እየናዱት ነው።