ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም፦ የጥንት ሪቮልቨር ዋጋ አመዛዘን

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሚሸጠውን የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 1ን እንውሰድ። ሰባት ጎራሽ፣ ባለ .22 ሾርት ሽጉጥ ነው፤ መቺው የሚያርፈው በቀለሁ ጠርዝ ላይ ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1. እትሙን ለዩ። የመጀመሪያው (1857–1860) ጎኑ ክብ ሲሆን የተሠራው 12 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆነ ይወደዳል። ሁለተኛው ጎኑ ጠፍጣፋ፣ በርሜሉ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። ከ1868 ወዲህ የመጣው ሦስተኛው ክብ በርሜልና ቦይ ያለው ሲሊንደር አለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው ከ100 ሺህ በላይ ስለተሠሩ ብርቅ አይደሉም።

2. ልባጡን መርምሩ። ጽሑፉ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ዶልዱሞ ኒኬሉ ግን የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተሞርዶ እንደገና ተለብጧል። ሰብሳቢዎች ከዚህ ይልቅ ያረጀውን የፋብሪካ ልባጥ ይመርጣሉ።

3. አካላቱን አመሳክሩ። በርሜል፣ ሲሊንደርና እጀታ ከተለያየ ሽጉጥ የተገጣጠሙ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። መዶሻው ሲሳብ ሲሊንደሩ ዞሮ በቦታው መቆለፉንም እዩ፤ በእርግጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ።

4. የተጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ዋጋ አነጻጽሩ። በተመሳሳይ እትምና ይዞታ ላይ ያሉ፣ በጨረታ የተሸጡትን ፈልጉ። ገዢ ለአጫራቹ የሚጨምረውን ኮሚሽን አትርሱ፤ ሻጩ እጅ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው።

5. የታሪክ ወሬ ያለ ሰነድ አይከፈልበትም። «የጦር መኮንን ንብረት ነበር» ከተባላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ።

ከ1899 በፊት የተሠራ ሽጉጥ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ የግዛቶች ሕግ ግን ይለያያል። ሞዴል 1 ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለሆነ ዘመናዊ ጥይት አትተኩሱበት።