ዘቡርና ዳዊት፦ ከአንድ የተማሪ ጥያቄ በመነሣት

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ የሙስሊሙ ልጅ ከኦርቶዶክሱና ከፕሮቴስታንቱ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ይማራል፤ በጎረቤት ለቅሶም ዳዊት ሲደገም ይሰማል። መድረሳ ገብቶ «ዘቡር ማለት ይህ ነውን?» ቢል አያስደንቅም። በችኮላ «አዎን» ማለት እምነቱን ያምታታበታል፤ በችኮላ «አይደለም» ማለትም የነቢይ ስም በሚነሣበት ጸሎት ላይ እንዲያፌዝ ይዳርገዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለዳውድ (ዐ.ሰ.) ዘቡርን እንደሰጠ ሱረቱ ኒሳእና ሱረቱል ኢስራእ ይነግሩናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን የቁርኣን ንባብ ሰምተው የድምፁን ውበት ከዳውድ ቤተሰብ መዛሚር ጋር ማዛመዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የዐረብኛው «ሚዝማር»፣ የዕብራይስጡ «ሚዝሞር» እና የግእዙ «መዝሙር» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው።

በአይሁድ ዘንድ የሚገኘው ስብስብ 150 መዝሙራት አሉት። በርእሳቸው ለዳውድ የተሰጡት 73 ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ለአሳፍ፣ ለቆሬ ልጆች፣ አንዱም ለሙሳ ተሰጥተዋል፤ ብዙዎቹም ስም የላቸውም። እንግዲህ ስብስቡን በሙሉ ለዳውድ ከወረደው ኪታብ ጋር አንድ ነው ልንል አንችልም። ግጥሙ እንደ አማርኛችን ቤት በመምታት አይቆምም፤ የስንኙ ሁለተኛ አጋማሽ የመጀመሪያውን ሐሳብ ይደግማል፣ ይቃረነዋል ወይም ይቀጥለዋል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሌዋውያን ለየዕለቱ የተመደበውን መዝሙር ያዜሙ ነበር። 136ኛው በ26 ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዐይነት መልስ ይደጋግማል፤ መንዙማ ለለመደ ጆሮ የአውጪና የተቀባይ ሥርዐት ነው። በሱረቱ ረሕማንም አንድ አንቀጽ 31 ጊዜ ይደገማል። ሆኖም ቁርኣን ግጥም አለመሆኑን ሱረቱ ያሲን ስለሚያስረዳ፣ ይህን ማነጻጸር ከድግግሞሹ አናሳልፈውም።

ለተማሪው የምንሰጠው መልስ ከቡኻሪ ዘገባ ይገኛል፦ አህለል ኪታብ የሚያነቡትን በጅምላ አናጸድቅም፣ በጅምላም አናስተባብልም፤ አላህ ባወረደው እናምናለን። ቁርኣን ያጸደቀውን እንቀበላለን። ለአብነት ሱረቱል አንቢያእ ደጋግ ባሮች ምድርን እንደሚወርሱ በዘቡር መጻፉን ይገልጻል፤ በዕብራይስጡ 37ኛ መዝሙር ቁጥር 29 ላይ ተቀራራቢ ሐሳብ አለ። ይህን በጎረቤቱ የግእዝ ዳዊት ሊያመሳክር የሚሻ መምህር ግን 36ኛውን ይግለጥ፤ የግእዙ ዳዊት የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ እንደ አንድ ስለሚቆጥር ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል።