የጀልባ ሞተር በተጎታች ተጭኖ ሲጓዝ ስለሚደገፍበት አኳኋን

የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ቀድሞ ጥልቅ ሸለቆ የነበረው ስፍራ ሰፊ ሐይቅ ሆኖአል። በትግራይም በዋግ ኽምራም በኩል በዳርቻው ያሉ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ እያወጡ ይተዳደሩበታል። ነገር ግን ሐይቁ ከከተማ የራቀ ነው። በመቐለ ከተማ ከሓወልቲ ክፍለ ከተማ የሚነሣ ጀልባ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ከሚበልጥ ደጋ ተነሥቶ 1100 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ቆላ በጠመዝማዛ መንገድ መውረድ አለበት። ሞተሩ በውኃ ላይ ከሚያገኘው ድካም ይልቅ በዚህ ጕዞ የሚያገኘው ጕዳት ሊበልጥ እንደሚችል የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ጀልባውን ወደ ፊት ይገፋል፤ የሚታሰርበትም የኋላ ሳንቃ ይህን ግፊት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። በመንገድ ላይ ግን ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ጋር እንዳይጋጭ ሞተሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ ከሳንቃው ወደ ኋላ ርቆ ይንጠለጠላል። 40 የፈረስ ጕልበት ያለው፥ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሠራበት ሞተር 70 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መንኰራኵሩ ጕድጓድ በገባ ቍጥር ይህ ክብደት ለቅጽበት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሳንቃውን ይጠመዝዘዋል። ሰው በተዘረጋ እጁ ሙሉ እንስራ ይዞ በምትሰግር በቅሎ ላይ ቢቀመጥ ትከሻው ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

ጕዳቱ ወዲያው አይታይም። በፋይበር ግላስ የተሸፈነው ሳንቃ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ በውስጥ ያለው እንጨት ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ከብዙ ቀን በኋላ ጀልባው ከዳር ርቆ በሙሉ ኃይል ሲነዳ፥ ሞተሩ ሳንቃውን ይዞ ይገነጠላል። ተከዜ ደግሞ ዳርቻው በብዙ ስፍራ ገደል ስለ ሆነ፥ ዋና ለሚችል ሰው እንኳ ከውኃው መውጣት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ሞተሩን ፈትቶ ለብቻው መጫን ነው። እስከ 15 የፈረስ ጕልበት ያለውን ሁለት ሰው ያነሣዋል። በውስጡ የቀረው ውኃ እስኪፈስ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከዚያም በለስላሳ ነገር ላይ ይተኛ። ራሱ ከፕሮፔለሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የቀረው ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ዘይቱ ለብቻው በሆነው ሞተር ደግሞ ሠሪው ባመለከተው ጎን ካልተኛ ዘይቱ ወደማይገባው ስፍራ ይፈስሳል። ተጎታች ጠፍቶ ጀልባው በአይሱዙ ላይ ሲጫንም ደንቡ ይኸው ነው።

ለመፈታት የሚከብደው ሞተር፥ ከመንገዱ በቂ ከፍታ ያለው እንደ ሆነ፥ በሥራው ጊዜ እንደሚቆም ወደ ታች ወርዶ ቢጓዝ መልካም ነው። ይህ ምክር ለአስፋልት ይስማማል፤ ድንጋይ ለበዛበት ጠጠር መንገድ ግን እኔ አላምነውም። በእንዲህ ያለው መንገድ ሞተሩ ተነሥቶ በደጋፊ ዘንግ መደገፍ አለበት። በሞተሩ ጎን ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ብረት ጀልባው በቆመበት ጊዜ ሞተሩን ለመያዝ ብቻ የተሠራች ናት፤ በመንገድ ንቅናቄ ትለቃለች። በሞተሩና በማሰሪያው መካከል እንጨት መሸጎጥም ሞተሩ እንዳይወድቅ ይረዳል እንጂ ክብደቱን ከሳንቃው ላይ አያነሣም።

እውነተኛው ደጋፊ ዘንግ አንዱ ጫፉ በተጎታቹ ብረት ላይ ይተከላል፤ ጎማ የለበሰው ሹካ መሰል ጫፉ ደግሞ የሞተሩን የታች እግር ይይዛል፤ ሁለቱም በጠፍር ይታሰራሉ። እንዲህ ሲሆን ሸክሙ ወደ ተጎታቹ ይወርዳል። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጀልባው ጀርባ አስቀድሞ ከተጎታቹ ጋር በግራና በቀኝ ጠብቆ መታሰር አለበት። ጀልባው ለብቻው የሚዘል እንደ ሆነ ዘንጉ ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ ሞተሩን ከታች የሚመታ መዶሻ ይሆናል፤ ይህም ካለ መደገፍ የከፋ ነው። ሳንቃው ከተጎታቹ ጫፍ አልፎ በአየር ላይ መቅረት የለበትም። ከጠቅላላው ክብደትም ከአሥር እጅ አንዱ ያህል በመሳቢያው መንጠቆ ላይ ይረፍ፤ ጀርባው የከበደ ተጎታች በቍልቍለት ላይ እንደ ጅራት ይወናጨፋል።

የቤንዚኑ ዕቃ ከሞተሩ ተለይቶ፥ መተንፈሻው ተዘግቶ፥ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ከቆላ ወደ ደጋ ሲመለስ ስለሚነፋ፥ ከእሳት ርቆ በዝግታ መከፈት አለበት። የከተማው ድንጋይ ንጣፍ ብሎን ያላላልና፥ ነጂው ከመቐለ እንደ ወጣ አንድ ጊዜ፥ ቍልቍለቱንም ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ቆሞ የሞተሩን ማሰሪያና ጠፍሩን በእጁ ይመርምር።

የወረዳ እርሻ ጽሕፈት ቤቶች ለማኅበራት ሞተር ሲገዙ፥ ደጋፊውን ዘንግና ጠፍሩን በዚያው የግዢ ደብዳቤ ላይ ቢጽፉ መልካም ነው። በኋላ ለብቻው ሲጠየቅ እንደ ትርፍ ነገር ይቈጠራልና። በርክክቡም ቀን የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሳንቃውን በውስጥም በውጭም በጣቱ ዳብሶ፥ ስንጥቅ ቢያገኝ ጀልባው ወደ ውኃ ሳይገባ እንዲጠገን ያድርግ። ይህን ሲያደርግ በተነሣው ሞተር ሥር አይቁም።