የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንሰት ጥላ፦ ስለ ከተማ የሙቀት ደሴትና ስለ ጀፎረ መንደሮች



ባልደረቦቼ ለብዙ ዓመታት «አንተ የአየር ጠባይ ሰው ነህ ወይስ የቅርስ ሰው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። በአንድ በኩል የከተማን ሙቀት እለካለሁ፤ በሌላ በኩል ስለ ገጠር መንደሮች ጥበቃ እጽፋለሁ። ዛሬ ሁለቱ ሥራዎች በእኔ ዘንድ እንዴት አንድ እንደሆኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ለዚህም ከራሴ ስሕተት መጀመር ይኖርብኛል።

በ1987 ዓ.ም. በረዳት መምህርነት እንደተቀጠርሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዝ አጠራቅሜ ለወላጆቼ ቆርቆሮ ገዛሁ። የጉራጌ ልጅ ከተማ ገብቶ ጥቂት ሲያገኝ፣ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ባዶ እጁን እንደማይገባ ታውቃላችሁ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ቆርቆሮ ነበር። የአባቴ ትልቁ የሣር ጎጆ ፈረሰ፤ በምትኩ አራት ማዕዘን ቤት ቆመ። ሽማግሌዎች መረቁኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ፣ ስለ ባህላዊ ቤቶች ጥበቃ ላጠና ሜትርና ካሜራ ይዤ ወደዚያው መንደር ስመለስ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ያስፈረስኸው አንተ፤ ፎቶ ልታነሣው የመጣኸውም አንተ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የተሟላ መልስ የለኝም።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ከተማ ከዙሪያው ገጠር ይልቅ እንደሚሞቅ መጀመሪያ በልኬት ያሳየው ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ ለደመና ዓይነቶች ዛሬም የምንጠቀምባቸውን ስሞች ያወጣውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ ስለ ለንደን አየር ጠባይ ባሳተመው ሥራው፣ የከተማዋ ሌሊት ከገጠሩ ሌሊት በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚሞቅ፣ ቀኑ ግን ይህን ያህል ልዩነት እንደሌለው አመለከተ። «ሌሊት» የሚለውን ቃል እባካችሁ ያዙልኝ። እኔ ለዓመታት ሳልይዘው ቀርቼ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፀሐይ ወደ መሬት የምትልከው ኃይል ወይ አየሩን ያሞቃል፣ ወይ ወደ አፈርና ወደ ግድግዳ ገብቶ ይከማቻል፣ ወይ ውኃ በማትነን ላይ ይውላል። አንድ ሊትር ውኃ ለመትነን ወደ 2.45 ሜጋ ጁል ኃይል ይወስዳል። ከአንድ ካሬ ሜትር ለምለም መሬት በቀን ሦስት ሊትር ውኃ ቢተን ከ7 ሜጋ ጁል በላይ ኃይል አየሩን ሳያሞቅ ሄደ ማለት ነው። በአገራችን ደጋ ደመና በሌለበት የበጋ ቀን በዚያችው ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 20 ሜጋ ጁል ገደማ ነውና፣ ከሲሶው በላይ በትነት ተወሰደ ማለት ነው። ያንኑ መሬት በአስፋልት ወይም በንጣፍ ድንጋይ ሸፍኑት፤ ይህ መውጫ ይዘጋል። ኃይሉ በኮንክሪትና በብሎኬት ውስጥ ይከማችና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል። ሕንፃዎቹ ረጃጅምና የተቀራረቡ ሲሆኑ ደግሞ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ሰማይ ጠባብ ነው፤ ወደ ሰማይ ማምለጥ የነበረበት ሙቀት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል። ስለዚህም የሙቀት ደሴቱ ጎልቶ የሚታየው ነፋስ በሌለበት፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች እንዲህ ያሉ ናቸው።

አሁን ወደ ስሕተቴ። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ሲለቀቁ የእኛ ትውልድ እንደ ተራበ ሰው ነው የተሻማባቸው። እኔም የበጋ ምስሎችን ሰብስቤ የአዲስ አበባን የገጽ ሙቀት ካርታ ሠራሁ። ውጤቱ አስደነቀኝ፦ ከተማዋ በዙሪያዋ ካለው የእርሻ መሬት ትቀዘቅዛለች! «አዲስ አበባ የሙቀት ደሴት የላትም» የሚል ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣሁ፤ ረቂቁንም በክፍል ውስጥ አቀረብሁት።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኛ ከቀበሌ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ከተዛወርን ወዲህ በሌሊት የምንደርበው ብርድ ልብስ ቀንሷል። ድሮ በሦስት ነበር የምንተኛው። ሳተላይቱ ይህንን ያየዋል?» አለች። ክፍሉ ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ላንድሳት በእኛ ላይ የሚያልፈው ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሚለካውም የአየሩን ሙቀት ሳይሆን የመሬቱንና የጣሪያውን ገጽ ነው። በበጋ ጤፉና ስንዴው ታጭዶ ባዶ የቀረው ደረቅ ጥቁር አፈር በረፋድ ፀሐይ ቶሎ ይግላል፤ ሕንፃው ገና ሙቀቱን እየዋጠ ነው፤ ከፊሉም በጥላ ውስጥ ነው። ሌላም አለ። አዲስ ቆርቆሮ ሙቀትን በጨረር መልክ የመልቀቅ ችሎታው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ስሌቱ ይህን ካላገናዘበ ሳተላይቱ የጋለውን ጣሪያ ቀዝቃዛ አድርጎ ያነበዋል። እንግዲህ እኔ ትክክለኛ ቁጥር ይዤ የተሳሳተ ጥያቄ መልሼ ነበር። ረቂቁን ቀደድሁት። ያቺ ተማሪ ዛሬ የራሷን ተማሪዎች ታስተምራለች።

ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሮችን በየሰፈሩ መትከል ጀመርን። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በ1,000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንከተል፣ ከተማ ባይኖርም እንኳ በሁለቱ መካከል ከአራት ዲግሪ በላይ ልዩነት መኖሩ አይቀርም። «ቦሌ የሞቀው ሕንፃ ስለበዛበት ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው ተራራውን ረስቷል። ይባስ ብሎ ይህ ስሌት በጠራ ሌሊት አይሠራም፤ ቀዝቃዛ አየር ክብደት ስላለው በወንዞቹ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛልና። ለዚህ ነው ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሁለት ጣቢያ አወዳድራችሁ ስትመጡ ፊቴን የማጠቁረው። ስቱዋርትና ኦክ እ.ኤ.አ. በ2012 «ከተማ» እና «ገጠር» የሚለውን ጥንድ ትተው ሥፍራዎችን በአሥራ ሰባት ዓይነት የከፈሉት፣ ሁለቱ ቃላት የሚሸፍኑት ነገር ከሚገልጡት ስለሚበዛ ነው።

ወደ መንደር የመለሰኝም ይኸው ነው። «ገጠር» ብዬ ለማነጻጸሪያ የያዝሁት ነገር ምንድን ነው? የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው? ወይስ እናቴ የምትኖርበት ዓይነት መንደር? በበጋ ምስሎቼ ላይ፣ በተቃጠለ ቡናማ መሬት መካከል፣ እንደ ገመድ የተዘረጉ አረንጓዴና ቀዝቃዛ ቦታዎች አይቼ ነበር። የጉራጌ መንደሮች ነበሩ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ ነው። መንገድም ነው፤ ሠርግም ለቅሶም መስቀልም የሚከናወንበት አደባባይ ነው፤ ጥጆች የሚሰማሩበት ግጦሽ ነው። እያንዳንዱ ቤት ፊቱን ለጀፎረው፣ ጀርባውን ለእንሰቱ ይሰጣል። ወሰኑን ገፍቶ አጥር ማቆም በቂጫ፣ ማለትም በጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ ያስቀጣል። ይህን የሠሩ አባቶች ስለ ትነት ቀመር አልተማሩም፤ የሠሩት ግን ለመለኪያ የሚመች ነው። ሰፊው ሜዳ ለሰማይ ክፍት ስለሆነ ሌሊት ሙቀቱን ፈጥኖ ይለቃል። እንሰቱ ደግሞ በግንዱ ውኃ ስለሚይዝ ሌላው ሁሉ በደረቀበት በጋ ለምለም ሆኖ ይተነፍሳል፤ ሰፋፊ ቅጠሎቹም የጓሮውን አፈር ያጠላሉ። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ፍግ ያለ ከብት የለም፤ ከብት ያለ ጀፎረ ሣር አያገኝም። አንዱን ነቅላችሁ ሌላውን ልጠብቅ ብትሉ አይቻልም።

እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቼ ጎጆውን ብቻ ነበር የምከላከለው። የሣር ክዳን ሙቀትን አያስተላልፍም፤ በቀን ያቀዘቅዛል፣ በሌሊት ያሞቃል፤ የምድጃው ጢስ ሣሩን እያደረቀ ዕድሜውን ያስረዝማል፤ ቆርቆሮ ግን በቀን ምጣድ፣ በሌሊት በረዶ ነው እያልሁ ጻፍሁ። ሁሉም እውነት ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ስናገር አንዲት እናት «ልጄ፣ ሣሩን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉኝ። ሣር የሚታጨድበት መሬት ታርሷል፤ ወይም ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ክዳኑን የሚያድሱት ወጣቶች አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ናቸው። የጎጆ ውስጥ ጢስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው ምድጃው አጠገብ በሚውሉት ሴቶች ላይ ነው። አንድ የእሳት ፍንጣሪም መንደር ያወድማል። እኔ በቆርቆሮ ቤት እየኖርሁ እርሳቸውን በሣር ቤት ኑሩ የምልበት መብት ከየት መጣ?

በዚያው ስብሰባ ላይ፣ ስለ ጣሪያ ስንከራከር፣ በስተጀርባችን በጀፎረው እኩሌታ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት ግንባታ ድንጋይ ይራገፍ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እኔም ያየሁት ማስታወሻዬን ማታ ሳነብ ነው። ጎጆ ቢፈርስ አሥር ዓመት ቆይቶ ሊሠራ ይችላል። ጀፎረ አንዴ ከተገመሰ ግን የሚመለስበት መንገድ እስካሁን አላየሁም። የጥናቴን አቅጣጫ የለወጥሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ ከቤቱ ወደ ሜዳው።

ስለ ኮንሶም ጥቂት ልበል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጎብኚው ያየው የድንጋይ ግንብና እርከን ነው። ነገር ግን ግንቡንና እርከኑን የሚያቆመው በየትውልዱ የሚወረስ የሥራ ግዴታ ነው። ሞራ የሚባለው የጋራ ቤት ወጣቶች የሚያድሩበትና አካባቢያቸውን የሚጠብቁበት ነው። ወጣቱ ከሄደ ግን የተመዘገበው ድንጋይ ሁሉ በቦታው እያለ እርከኑ ይናዳል። ጥበቃ ስንል ምን እንደምንጠብቅ መለየት ያስፈልገናል።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ አዲስ አበባ ብትሞቅስ? ቀዝቃዛ ከተማ አይደለችም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ያቺ ተማሪ ብርድ ልብስ ስለ ቀነሰላት አላማረረችም። የእኔ ጭንቀት የአዲስ አበባ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ሌሎች ከተሞች መሄዱ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ፣ ወይም በሠመራና በጋምቤላ፣ ሌሊቱ የማይቀዘቅዝ የኮንክሪት ቤት ማለት ሕፃንና አዛውንት የማይተኙበት ቤት ነው። በዋና ከተማችንም ቢሆን አሁን እየሰፋ ያለው የእግረኛ መንገድና አደባባይ ሲነጠፍ፣ ምን ያህሉ አፈር ለዝናብና ለሥር ክፍት እንደሚቀር መጠየቅ ተገቢ ነው። ዛፍ ተከልን ማለት አይበቃም፤ በዙሪያው ያለው መሬት ተደፍኖ ውኃ ያላገኘ ዛፍ ጥላ ይሰጥ ይሆናል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም።

እናቴ ቤት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሣሩን አልመለስንም። ከሦስት ዓመት በፊት ከቆርቆሮው ሥር፣ መካከሉ አየር እንዲያልፍ ክፍተት ትተን፣ በአገሩ ሰው የተሠራ የቀርከሃ ምንጣፍ ኮርኒስ አደረግንበት፤ ከላይም ከታችም መለኪያ ሰቀልሁ። በቀትር ከኮርኒሱ በላይና በታች ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ አሃዙን የምናገረው ግን የሁለት ዓመቱ መረጃ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው፤ በችኮላ ያወጣሁት ካርታ ትምህርት ሆኖኛልና። እናቴ ስለ ሙቀቱ ምንም አላለችም። ምን እንደተለወጠ ስጠይቃት «አሁን ዝናብ ሲዘንብ ሬዲዮው ይሰማኛል» አለችኝ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።