የቅጠላ ቅጠል ሻይ ግብዣ፦ መዓዛው የት ነው ያለው?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውሃውም 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይህ ለስስ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ለሥርና ለቅርፊት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ወዳጆቹን ጠርቶ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሻይ እንዲቀምሙ ያሰበ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ተክሉ መዓዛውን የት ያኖረዋል የሚለው ነው። ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። መዓዛ የሚሰጠውን ዘይት የሚያጠራቅሙት በቅጠሉ ገጽ ላይ በተበተኑ፣ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ ከረጢቶች ነው። የከረጢቱ ሽፋን ስስ ስለሆነ በጣት ሲታሽ ይቀደዳል፤ ሙቅ ውሃ ሲያርፍበትም ዘይቱን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ ግን ዘይታቸውን በውስጣቸው ቀብረው የያዙ ናቸው። እነዚህ በሙቀጫ መከስከስ፣ ከዚያም ክዳን ተደርጎባቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መፍላት አለባቸው።

ብዙ ቤት የሚደረገው ሁሉንም በአንድ ማንቆርቆሪያ ከትቶ ማንተክተክ ነው። ቤቱ ያውዳል፤ ሻይው ግን ሲቀዳ ጠውልጓል። ቤቱን ያወደው መዓዛ ከሻይው የወጣ ነውና። የጦስኝ ዋና መዓዛ ከሆኑት ውህዶች አንዱ ቲሞል ይባላል። ለብቻው ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከውሃ ጋር ሲሆን ግን እንፋሎቱ ከዚያ በብዙ ባነሰ ሙቀት ተሸክሞት ይወጣል። ሽቶ ሠሪዎች ከአበባና ከቅጠል ዘይት የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው፤ እነሱ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ይሰበስቡታል፣ እኛ በመስኮት እንለቀዋለን። ስለዚህ በብርጭቆው ላይ የሚደፋ ትንሽ ሰሃን ተራ ነገር አይደለም። ከሥሩ የሚንጠለጠለው ጠብታ መዓዛ ያለበት ነው፤ ሲከደን ተመልሶ ወደ ብርጭቆው ይወርዳል።

ግብዣውን በዚህ መሠረት ማዘጋጀት ቀላል ነው። ጋባዡ ዝንጅብሉን፣ ቀረፋውንና ኮረሪማውን አስቀድሞ አፍልቶ ይጠብቃል። ቅጠሎቹ በየሰሃናቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ፦ የሎሚ ሣር፣ ጦስኝ፣ ናና፣ በሶብላ፣ ከርከዴ። እንግዳው የመረጠውን በሻይ ማንኪያ እየለካ ብርጭቆው ውስጥ ይጨምራል፣ ልኩንም በወረቀት ይጽፋል፤ ያልተጻፈ ቅመማ በማግስቱ አይደገምም። ከቅመሙ ውሃ ጥቂት፣ ከተራው የፈላ ውሃ ብዙ ቀድቶበት ለ5 ደቂቃ ይከድነዋል። ለጀማሪ ሁለት ማንኪያ የሎሚ ሣርና አንድ ማንኪያ ጦስኝ ጥሩ መነሻ ነው። ከአራት ዓይነት በላይ መደባለቅን አልመክርም፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል።

እያሸተቱ መምረጥ የግብዣው ደስታ ነው፤ ነገር ግን አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ተመሳሳይ ሽታ ሲደጋገምበት መልእክቱን ወደ አንጎል መላክ ይቀንሳል። ቡና ማሽተት አፍንጫን ያድሳል የሚባለው በጥናት ሲፈተን ከንጹሕ አየር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በረንዳ ወጥቶ ትንሽ መቆየት ይበቃል።

ምላስ ላይ የሚሰማው ሁሉ ደግሞ ጣዕም አይደለም። ናና ውስጥ ያለው ሜንቶል ሻይው እየፋጀ እንኳ ቅዝቃዜ እንዲሰማን ያደርጋል፤ ብርድን የሚለዩትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ ነው። ዝንጅብል በተቃራኒው ሙቀትና ሕመም የሚለዩትን ይነካል። ሰውነት ሙቀትንና ንክኪን እንዴት እንደሚለይ ያሳዩት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ለዚህ ግኝታቸው ነው። ዝንጅብል ሲደርቅ በውስጡ ያለው ጂንጀሮል በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ የበለጠ ያቃጥላል። በእርጥቡ ልክ ደረቁን የጨመረ እንግዳ ለምን እንደሚያስለው እዚያው ማስረዳት ይቻላል።

ልጆች ካሉ ከርከዴው የእነሱ ይሁን። ቀይ ቀለሙ የሚመጣው አንቶሳያኒን ከሚባሉ ውህዶች ነው፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ቅላቱ ይደምቃል፣ በሌላ ብርጭቆ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰነስበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። ይኸኛው ግን ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም።

ጋባዡ ውሃ ከመቅዳቱ በፊት እንግዶቹን መጠየቅ አለበት። ጤና አዳም ከቡና ጋር ብንወደውም ለነፍሰ ጡር ሴት አይቀርብም፤ ማኅፀንን ሊያነሣሣ የሚችል ተክል ነው። ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ ስለሚችል የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብዝቶ ባይጠጣው ይሻላል። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ስሙን በእርግጠኝነት የማናውቀው ቅጠል ደግሞ ሽታው የቱንም ያህል ቢማርክ ጠረጴዛው ላይ አይውጣ።

ጦስኙ ከየት እንደመጣም መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገራችን ተራሮች የሚበቅሉት ሁለቱ የጦስኝ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም፤ ገበያ የሚደርሰውም በአብዛኛው ከዱር የተለቀመ ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ ለከርሞ አያቆጠቁጥም፤ ጫፉ የተቆረጠ ግን መልሶ ያበቅላል። ሥር ያለበትን እስር ትቶ ቅርንጫፉን ብቻ የያዘውን የሚመርጥ ገዢ ቢበዛ ለቃሚውም አቆራረጡን ያስተካክላል ብዬ አምናለሁ። ገዝተን ስናደርቀውም በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ዘይቱን ታበነዋለች።

እንግዶቹ የቀመሙትን በደረቅ ብልቃጥ ይዘው ከሄዱ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቁም ሣጥን ያኑሩት። ብልቃጡ በተነቃነቀ ቁጥር ደቃቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ሰፋፊው ቅጠል ከላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ማንኪያ ከማስገባት በፊት ከሥር ወደ ላይ ማማሰል ያስፈልጋል።