ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ እጅ ሲያብጥ

ይህን የምጽፈው በአቃቂ ቃሊቲ ላላችሁ፣ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ላደረጋችሁ እናቶችና እህቶች ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ሐኪሙ ጡቱን ሲያነሳ ብዙ ጊዜ በብብት ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎችም ያወጣል። ከእጅ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ስለሆነ መንገዱ ሲጠብ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል። አብዛኞቹ የብብት ዕጢዎች ከወጡላቸው ሴቶች ከ5 አንዷ ገደማ ይህ እብጠት ይገጥማታል፤ የጨረር ሕክምና ሲጨመር ዕድሉ ይበልጥ ከፍ ይላል።

ቁስሉ ከዳነ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ስለሚጀምር ብዙዎች ከቀዶ ሕክምናው ጋር አያገናኙትም። ቀለበት ወይም እጅጌ በአንድ በኩል ብቻ ከጠበበ፣ ክንድ ከከበደ ቶሎ ታዩ። በጊዜ ከተያዘ በላስቲክ ፋሻ፣ በእንቅስቃሴና ባለሙያ በሚያደርገው ቀስ ያለ ማሸት ይቀንሳል። ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ለዚህ እብጠት መፍትሔ አይደለም።

እባካችሁ፣ ያበጠውን እጅ አታስበጡት፣ ዋግምትም አታስደርጉ! በዚህ እጅ ላይ ትንሽ ቁስል እንኳ በቀላሉ ያመረቅዛል። እንጀራ ስትጋግሩ ከምጣዱና ከእንፋሎቱ ጠብቁት። ባሎችና ልጆች፣ ጄሪካኑን እናንተ ያዙላቸው። እጁን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ግን ይጎዳል፤ ቀላል ሥራ ይሠራበት።

ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለአካባቢያችን ቅርብ ነው። በድንገት አብጦ የሚያም እጅም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።