የጥልፍ ዝግጅትና የበረንዳ ወፎች

ለሠርግ የሚሆን የቀሚስ ጥልፍ በአንድ ሌሊት የሚወጣ ሥራ አይደለም። መርፌው ጨርቁን ከመንካቱ አስቀድሞ የሚደረገው ዝግጅት ብቻ የሥራውን እኩሌታ ያህላል። እኛም በጥር ለምትዳረው ለእኅታችን ልጅ ስንል በኅዳር ወር አንዱን ቀን ለዚሁ ዝግጅት መድበን፥ ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ፥ ከቡራዩም ወደ ሰበታ ሄድን። በዚያ ቀን ያየነው ነገር ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን ከዚህ ቀጥሎ ጽፈነዋል።

እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን በሰሜን፥ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የከበቡ ሲሆኑ፥ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ በነበረው ስፍራ ዛሬ ፎቅ ቤት በዝቶበታልና፥ ለብዙ ቤተ ሰብ በጓሮው ፈንታ በረንዳ ብቻ ቀርቶታል። ወፉም ሰዉን ተከትሎ ወደ በረንዳ መጥቷል።

በሱሉልታ በማለዳ፥ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፥ ታጥቦ የደረቀውን ሸማ አጣጥፈን በሣጥን አኖርን። ሸማ ከሸማኔ እጅ እንደ ወጣ ቢጠለፍ፥ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ጥልፉ ይጨማደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በለብታ ውሃ መንከር፥ ሳይጠመዝዙም በጥላ ማድረቅ ይገባል።

ከዚያ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርደን፥ በእንጦጦ ግርጌ ወደሚገኘው ወደ ሽሮ ሜዳ ክር ለመግዛት ሄድን። ስፍራው ከጋሞ ደጋ በመጡ በዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ የታወቀ ነው። ቀዩንና ሰማያዊውን ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ እያሸን፥ ቀለም የማይለቀውን መርጠን ገዛን። ከጥጡ ክር ጋርም በርካሽነቱና በማንጸባረቁ ተታለን ጥቂት የናይሎን ክር ጨመርን።

ቡራዩ በአስኮ በኩል ስንደርስ አክስታችን በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቈዩን። የቤተ ሰባችንን የመስቀል ጥልፍ በቃላቸው የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ሲሆኑ፥ የዓይናቸው ብርሃን ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄዷል። ሸማውን በጉልበታቸው ዘርግተው በእርሳስ መሥመሩን ሲያወጡ፥ «ልጆቼ፥ ከእንግዲህ ሌላ የምሥል አይመስለኝም፤ ልጅቱ ትያዘው» አሉን። እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን።

በበረንዳው ጠርዝ በሸክላ ሳሕን ዳጉሳ፥ በሌላውም ውሃ አኑረው ነበር። ድንቢጦች፥ ዋኖሶችና እርግቦች ተራ በተራ ይወርዳሉ። ወደ ማታ ደግሞ ከጉሮሮዋ ሥጋ የተንጠለጠለ፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ ረጅም ቈልማማ አፍ ያላት ወፍ እየጮኸች በጣራው ላይ እንደምታልፍ ነገሩን።

ከእርግቦቹ አንዲቱ ታነክስ ነበር። አክስታችን፥ «በነጠላ ሸፍናችሁ ያዙልኝ» ስላሉን በቀስታ ያዝናት። በእግሯ የተጠመጠመው የናይሎን ክር እስከ ሥጋዋ ገብቶ፥ አንድ ጣቷን አስቀድሞ ቈርጦት ኖሯል። ክሩን በትንሽ መቀስ እየቈረጥን ስናወጣው፥ በቅርጫታችን ካለው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አየን። እኛው ራሳችን በቤታችን፥ ለጎጆ ይሁናቸው እያልን ትርፍራፊ ክር በበረንዳ ስንበትን ብዙ ዘመን ኖረናል። የጥጥ ክር እንኳ ቢሆን ከረዘመ እግር ያስራል፤ ናይሎን ደግሞ አይበጠስም፥ አይበሰብስምም። በጎ ያደረግን መስሎን ያደረግነው ጉዳት ስለ ነበረ እጅግ አዘንን።

ከቡራዩ ተነሥተን በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል ሰበታ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ሙሽራይቱ ጨርቁን በእንጨቱ ክብ ወጥራ የመጀመሪያውን መሥመር ብትሞክር፥ አንዱ ስፌት ረዘመ፥ ሌላው አጠረ። ሦስት ጊዜ ፈትታ በአራተኛው፥ «በመኪና ይጠለፍልኝ፤ እኔ አልችልም» ብላ አስቀመጠችው። የመኪና ጥልፍን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የአክስታችን ቃል በጆሯችን ነበር።

በደጃፏ ካለው ዛፍ ላይ በክረምት የተሠራ የሸማኔ ወፍ ጎጆ፥ አፉን ወደ ታች አድርጎ ደርቆ ተንጠልጥሎ አየን። ይህ ሆዱ ቢጫ፥ ፊቱ ጥቁር የሆነ ወፍ በሊቃውንት ዘንድ «ባግላፌክት» ይባላል፤ በ1802 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ዶዳን የተባለ ፈረንሳዊ በመጽሐፍ ያሰፈረውም ከሀገራችን በተገኘው ወፍ ነው። የእርሱን ዘመዶች የመረመሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ኮሊያስ በ1964 እንደ ገለጹት፥ ሣርና ቅጠል ሳያገኙ ያደጉ ወንድ ጫጩቶች መሥሪያው በኋላ ሲሰጣቸው መሸመን ይቸገራሉ፤ ከልምምድ በኋላ ግን እየቻሉ ይሄዳሉ። ጎጆ የመሥራት ፍላጎት ከወፉ ጋር ቢወለድም፥ ጥሩ ሽመና የሚገኘው በመሞከር መሆኑን ለልጅቱ ነገርናት። እርሷም ፈገግ ብላ፥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለታችሁ ነው» አለችና መርፌዋን አነሣች።

ስለዚህ ጥልፍ ለሚሠራበት ቤት ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። የክር ትርፍራፊ በበረንዳ አይበተን፤ በተለይ ናይሎኑ በክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ይጣል። ለወፎች ጎጆ ደረቅ ሣር ይበቃቸዋል። የውሃውና የእህሉ ሳሕንም በየጊዜው ይታጠብ፤ ብዙ ወፍ ከሚሰበሰብበት ከቈሸሸ ሳሕን በሽታ ይተላለፋልና።

በመሸ ጊዜ ልጅቱ አንድ ስንዝር ያህል ጠልፋ ነበር። መሥመሩ አሁንም ጥቂት ይጣመማል፤ ሆኖም የመስቀሉ አንድ ክንድ ተለይቶ ታይቷል። በሚመጣው እሑድ ወደ ቡራዩ ይዛው ትሄዳለች፤ አክስታችን በዓይናቸው አጥርተው ባያዩት እንኳ በጣታቸው ዳስሰው ያርሙላታል። የናይሎኑን ክር ግን ከቅርጫቱ አውጥተነዋል።